የጋራ መሬትና ተፈጥሮን በብሎክቼይን መጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሬት፣ ደን ወይ ግጦሽ በጋራ ይዘው ተሰብስበው የሚያስተዳድሩ ሰዎች ብሎክቼይን ለኛ ይሆናል ወይ እያሉ ብዙ ይጠይቁኛል፣ እኔም ከእንዲህ አይነት ማህበራት ጋር መዝገብ በማደራጀት ስለምሰራ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚ ላይ ሰብሰብ አድርጌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ብሎክቼይን ምንድነው?

መዝገብ ነው። አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ቆልፎ የያዘው መዝገብ ሳይሆን ተመሳሳይ ቅጂው ብዙ ኮምፒውተር ላይ ያለ፣ አዲስ ነገር ከስር ከስሩ እየተጨመረበት የሚሄድ፣ የተጻፈውን ግን ማንም ብቻውን ተነስቶ ሊፍቀው የማይችል መዝገብ። ቢትኮይን በ2009 ሲጀምር መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ማን ለማን ስንት ላከ የሚለው ነበር፣ በ2015 ኢቴሪየም ሲመጣ ደግሞ ይሄ ከተሟላ ይሄን አድርግ የሚል ትዕዛዝ አብሮ ማስቀመጥ ተቻለ፣ ስማርት ኮንትራክት የሚሉት እሱን ነው። ለመሬት ጉዳይ ከዚ በላይ ማወቅ የግድ አይደለም።

መሬታችን ብሎክቼይን ላይ ከተመዘገበ ባለቤትነታችን ተረጋገጠ ማለት ነው?

አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚ ላይ ነው። ነገ አንድ ሰው አጥር ይዞ ቢመጣባቹ ዳኛው የሚያየው የአገሩን ሕግና ሕጉ የሚያውቀውን መዝገብ ነው እንጂ ቶከናቹን፣ ማለትም ብሎክቼይኑ ላይ በስማቹ የተመዘገበውን ዲጂታል ምልክት፣ አይደለም። ብሎክቼይን ይሄ ሰነድ በዚ ቀን ልክ በዚ መልኩ ነበር ብሎ ሊመሰክርላቹ ይችላል፣ መሬቱ የነሱ ነው ብሎ ግን አይፈርድላቹም።

ሲቲዳኦ የሚባለውን ውሰዱ። አሜሪካ ውስጥ የዋዮሚንግ ግዛት በ2021 ዳኦ፣ ማለትም አባላቱ በብሎክቼይን ድምፅ እየሰጡ የሚመሩት ድርጅት፣ እንደ ካምፓኒ ተመዝግቦ እንዲቋቋም ፈቀደ፣ እነሱም በዛው ዓመት 40 ኤከር ገዙ፣ ወደ 16 ሄክታር ማለት ነው። የነሱን ቶከን የገዛ ሰው ግን የመሬቱ ባለቤት አልሆነም፣ ያገኘው ድምፅ የመስጠት መብት ነው፣ የመሬቱ ባለቤት በሕግ የተቋቋመው ካምፓኒ ነው፣ ሲቲዳኦን መሬት ያስያዘው ኮዱ ሳይሆን ሕጉ ነው።

ብራዚል ላይ ደግሞ ነገሩ ከፋ። ኔመስ የሚባል ካምፓኒ አማዞን ውስጥ 41,000 ሄክታር አለኝ ብሎ ከደኑ ጋር የተያያዙ ኤንኤፍቲዎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚለዩ ቶከኖች፣ መሸጥ ጀመረ፣ እዛው የሚኖሩት የአፑሪናን ሕዝቦች ግን መሬቱ የኛ ነው አሉ፣ በ2022 መጨረሻ የፌደራል አቃቤ ሕግ ካምፓኒው የባለቤትነት ማስረጃውን እንዲያቀርብ ጠየቀ። ቶከኑ በቴክኒክ በኩል ምንም ላይጎድለው ይችላል፣ ጭቅጭቁ ያለው መሬቱ ላይ ነው፣ እና ሰዎቹ ሳይጠየቁ የተጻፈ መዝገብ የቱንም ያህል የማይፋቅ ቢሆን ጉዳቱን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም።

ታዲያ መሬቱን በምን ስም እንያዘው?

መጀመሪያ በአገራቹ ሕግ የሕግ ሰውነት ያለው ነገር ሁኑ፣ ማህበር በሉት ህብረት ስራ በሉት ትረስት፣ ማለትም ንብረት በአደራ የሚይዝ ተቋም፣ የሚፈቀደውን። ኬንያ ለምሳሌ በ2016 ባወጣችው የማህበረሰብ መሬት ሕግ ማህበረሰቡ ራሱን አስመዝግቦ መሬቱን በስሙ መያዝ ይችላል። ዝም ብሎ እኛ ዳኦ ነን ብሎ መንቀሳቀስ ግን አደጋ አለው፣ ኡኪ ዳኦ የሚባለውን የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት በ2022 ሲከሰው ያልተመዘገበ ማህበር ነው ብሎ ነው የቆጠረው፣ በ2023 ተፈረደበት፣ እንዲህ አይነት ነገር ውስጥ ድምፅ የሰጠ አባል በግሉ ተጠያቂ እስከመሆን ሊደርስ ይችላል።

እኔ በጣም የምወደው አሰራር ኮሚዩኒቲ ላንድ ትረስት የሚባለው ነው፣ መሬቱን ትረስቱ ይይዘዋል፣ አይሸጥም አይለወጥም፣ ቤት የሰራ ሰው ቤቱ የራሱ ነው መሬቱን ግን በረጅም ዘመን ኪራይ ነው የሚጠቀመው። የዚ አሰራር መነሻ ተብሎ የሚነሳው በ1969 አሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ የተመሰረተው ኒው ኮሚዩኒቲስ ነው፣ ጥቁር ገበሬዎች ተሰባስበው ከ5,000 ኤከር በላይ ይዘው ያርሱ ነበር፣ ድርቅ መታቸው፣ ብድር ሲጠይቁ በዘር መድልዎ በሰዓቱ ሳያገኙ ቀሩ፣ በ1985 መሬቱ በእዳ ሄደ። እነዚ ሰዎች መዝገብ አልጎደላቸውም፣ ሰነዳቸውም ጥሩ ነበር፣ ስለዚ መሬታቹ የሚነጠቀው በእዳ ወይ በፖለቲካ ከሆነ ብሎክቼይን መጥቶ አያድናቹም፣ ጉልበታቹን መጀመሪያ እዛ ላይ አድርጉት።

ገንዘብ ለማሰባሰብ መሬቱን በቶከን ከፋፍለን ብንሸጥስ?

እባካቹ አታድርጉት። ቶከን የተሰራው ከእጅ ወደ እጅ እንዲሄድ ነው፣ የወል መሬት ደግሞ ዋናው ነገሩ ከእጅ አለመውጣቱ ነው። ዛሬ ለአባል ብቻ ነው የምንሸጠው ትላላቹ፣ ነገ አንዱ ልጁ ይታመምበትና ይሸጣል፣ ገዢው የማታውቁት ሰው ይሆናል፣ ሶስት ዓመት ሳይሞላ ግማሹን ድምፅ የያዘው ከዛ ምንጭ ውሃ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ሆኖ ታገኙታላቹ፣ ያኔ ደግሞ ሁሉም ነገር የሆነው በደንቡ መሰረት ስለሆነ አቤት የምትሉበት ቦታም የላቹም። ራይትስ ኤንድ ሪሶርስስ ኢኒሺዬቲቭ የሚባል በመሬት መብት ላይ የሚሰራ ድርጅት በ2015 64 አገሮችን አይቶ ባወጣው ጥናት ነባር ሕዝቦችና ማህበረሰቦች በሕግ ባለቤትነታቸው የታወቀላቸው ከመሬቱ 10 በመቶ ያህሉ ነው፣ በልማድ ይዘነዋል የሚሉት ግን ከዚ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚ ሁሉ ትግል የሚገኝን ነገር ሸቀጥ ማድረግ ያሳዝነኛል።

አባልነትን ቶከን ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የማይሸጥ የማይተላለፍ ቶከን መስራት ይቻላል፣ ሰውየው አባል መሆኑን ብቻ የሚያሳይ፣ ሲለቅ ወይ ሲያርፍ በጉባኤ ውሳኔ የሚሰረዝ። ወራሽ ካለ ደንባቹ በሚለው መሰረት ለወራሹ አዲስ ይሰጠዋል።

እና ታዲያ ምኑ ላይ ነው የሚጠቅመን?

በኔ ልምድ ሶስት ቦታ ላይ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ገንዘብና ማስረጃ።

ከቃለ ጉባኤው ልጀምር፣ ምክንያቱም ማህበራት የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚ ላይ ነው፣ ያኔ የወሰንነው እንዲህ አልነበረም፣ ገጹ ተቀይሯል፣ ያ ስም በኋላ ነው የተጨመረው ምናምን። ስልጠና ላይ ሁሌ የማሳየው ነገር አለ። ቃለ ጉባኤው በእጅ ተጽፎ ተፈርሞ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ ከስሩም በኮምፒውተር ይተየባል፣ ፋይሉን ሃሽ የሚያወጣ ፕሮግራም ውስጥ ስናስገባው 64 ፊደልና ቁጥር ይወጣል፣ ትርጉም የሌለው የሚመስል ረጅም ነገር፣ እሱን አንድ ሰው ወረቀት ላይ ይገለብጣል። ከዛ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ውስጥ 18 አባላት ተገኝተዋል የሚለውን 19 ብሎ እንዲቀይረው አደርጋለሁ፣ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ድጋሚ ስናስገባው የሚወጣው 64 ሆሄ ከመጀመሪያው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ወረቀቱን የያዘው ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብና ስክሪኑ ላይ ያለው ሌላ ሲሆን ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እዛች ደቂቃ ላይ ሁሉም ይገባዋል። ብሎክቼይን ላይ የሚገባው ያ ሃሽ ብቻ ነው፣ ቃለ ጉባኤው እናንተው ጋር ይቀራል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ ተቀይሯል ቢል ፋይሉን አውጥቶ ማወዳደር ነው። ለዚ ደግሞ የራሳቹ ቶከን ምናምን አያስፈልግም፣ ኦፕንታይምስታምፕስ የሚባል በነጻ የምትጠቀሙበት መሳሪያ አለ፣ የብዙ ሰዎችን ሃሽ አንድ ላይ ጠቅልሎ ቢትኮይን ላይ ያስቀምጠዋል።

በመንግስት ደረጃም ተሞክሯል፣ ጆርጂያ፣ አገሯን ማለቴ ነው፣ የመሬት ሰነዶቿን ሃሽ ከቢትኮይን ጋር የማያያዝ ስራ በ2016 ጀምራለች። እዛ የሰራበት አንዱ ምክንያት ግን የመሬት መዝገቧን ከዛ በፊት ለዓመታት ስታስተካክል ስለቆየች ነው። ሆንዱራስ በ2015 ተመሳሳይ ነገር ሊጀመር ነው ተብሎ ብዙ ተወራ፣ ከዛ ቆመ።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ጥቅሙ አንድ ሰው ብቻውን ማውጣት እንዳይችል ማድረግ ነው፣ መልቲሲግ ዋሌት ይባላል፣ ብዙ ሰው የሚፈርምበት የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ማለት ነው፣ ለምሳሌ ከአምስት ፈራሚ ሶስቱ ካልፈረሙ አይንቀሳቀስም፣ ባንክም እንዲህ ያደርጋል ትሉኛላቹ፣ ልክ ናቹ፣ ልዩነቱ እዚ ላይ ማንኛውም አባል ስልኩን ከፍቶ ዛሬ ስንት እንዳለ፣ ትላንት ወዴት እንደወጣ ገንዘብ ያዡን ሳይለምን ማየቱ ነው። ካዝናው አስተማማኝ ባንክ ውስጥ ካለና ሪፖርቱ በየወሩ የሚነበብ ከሆነ ግን አትቀይሩት።

ማስረጃው ላይ ከታች እመጣበታለሁ።

ድንበራችንን በስልክ ጂፒኤስ ዞረን ብንወስድና ብናስገባውስ?

ስልክ ክፍት ሰማይ ስር ሆኖ እንኳን ወደ 5 ሜትር ያህል ይስታል፣ ዛፍ ስር ወይ ገደል አጠገብ ሲሆን ይብሳል። ሰው የሚጣላው ደግሞ በሁለት ሜትር ነው። አንድ ቦታ አብሬያቸው ዞሬ አይቻለሁ፣ ድንጋዩ ጋ ቆመን ነጥቡን ስንወስድ ካርታው ላይ የታየው ከወንዙ ማዶ ነው፣ ያንን ነጥብ እንዳለ አስገብተነው ቢሆን ኖሮ በማይፋቅ መዝገብ የጎረቤትን መሬት ወሰድን ማለት ነበር። ስለዚ መጀመሪያ ከጎረቤቶቹ ጋር አብራቹ ዙሩ፣ ድንበሩን የሚያውቁ አዛውንቶች ይኑሩ፣ እያንዳንዱ ምልክት ጋ ቆማቹ ተስማሙ፣ በሁለቱም ወገን ይፈረም፣ የተሻለ መለኪያ ያለው ቀያሽ ካገኛቹ ደግሞ እሱን አምጡት። የተስማማቹበት ሰነድ ሃሽ ነው መግባት ያለበት። ያልተስማማቹበት ነጥብ ካለ ያልተስማማንበት ብላቹ እዛው ሰነድ ላይ ጻፉት፣ ደብቆ ማለፍ በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ካርታውን ራሱንና የአባላቱን ስም ለምን ሙሉ በሙሉ አናስቀምጠውም? ግልጽነት አይደል የምንፈልገው?

ግልጽነቱ ለአባላት ነው እንጂ ለዓለም ሁሉ አይደለም። ሕዝባዊ ብሎክቼይን ላይ የገባ ነገር ማንም ያየዋል፣ መልሳቹም አታወጡትም። የተቀደሰ ቦታ፣ መቃብር፣ የመድኃኒት ተክል ያለበት ሸለቆ፣ ሊጠፋ የደረሰ እንስሳ የሚተኛበት ዋሻ፣ እነዚን በነጥብ ማስቀመጥ ለአዳኝና ለዘራፊ መንገድ ማሳየት ነው። የሰው ስምና መታወቂያ ቁጥርም እንደዛው፣ የአውሮፓ ሕብረት ከ2018 ጀምሮ ስራ ላይ ባዋለው የዳታ ሕግ ሰው መረጃዬ ይሰረዝልኝ የማለት መብት አለው፣ የማይሰረዝ መዝገብ ላይ ካስገባቹት ይሄን መብት እንዴት ታከብሩለታላቹ? ሃሹ ብሎክቼይኑ ላይ፣ ሰነዱ እናንተ ጋ፣ በሁለት ሶስት ቦታ ኮፒ ተደርጎ።

ቁልፉን ማን ይያዘው?

እዚ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ገንዘብም እምነትም የሚጠፋው በዚ በኩል ስለሆነ ነው። ዋሌት ስትከፍቱ 12 ወይ 24 ቃላት ይሰጣቹሃል፣ ቃላቱን የያዘ ሰው ዋሌቱን ያዘ ማለት ነው፣ ከጠፉ ደግሞ ደውላቹ የምታስከፍቱት ቢሮ የለም። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ።

አንድ የማውቀው ማህበር ከአምስቱ ቁልፍ ያዦች አንዱ አዛውንት ነበሩ፣ ጋሼ ብለን የምንጠራቸው፣ ስልካቸው ውሃ ውስጥ ገባ፣ 12ቱ ቃላት የተጻፉበት ወረቀት ደግሞ ቤት ሲጸዳ ከድሮ ደረሰኞች ጋር ተጥሏል። በጣም ነው የተጨነቁት፣ ማህበሩን ያከሰሩት መስሏቸው ሁለት ቀን ለማንም አልተናገሩም። መልቲሲግ ስለነበር ግን ሶስቱ ፈርመው የድሮውን ቁልፍ አስወጡና አዲስ ቁልፍ ሰጧቸው፣ ነገሩ ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። አንድ ቁልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዓመቱ መዋጮ በሙሉ እዛው ተቆልፎ ይቀር ነበር። ከዛ ወዲህ እኔ ጋ የመጣ ሁሉ ቃላቱን በእስኪርቢቶ ሁለት ወረቀት ላይ እንዲጽፍ፣ ሁለቱን በተለያየ ቤት እንዲያስቀምጥ፣ ፎቶ እንዳያነሳና ለማንም እንዳይልክ ነው የምነግረው።

ፈራሚዎቹ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች አይሁኑ፣ ቁልፋቸውንም አንድ ሰው ሰብስቦ አይያዝላቸው። ሮኒን የሚባለው የጌም ኔትዎርክ በመጋቢት 2022 ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲዘረፍ ዘጠኝ ፈራሚ ነበረው፣ አምስቱ ከፈረሙ ገንዘብ ይወጣል፣ ሌቦቹ አምስቱን አገኟቸው፣ አራቱ የአንድ ካምፓኒ ስለነበሩ። ብዙ ፈራሚ አለን ማለት ብቻውን ውሃ አያነሳም፣ በትክክል የተለያዩ ሰዎች እጅ መሆን አለበት። ፈራሚ ሲሞት፣ ሲታመም ወይ አገር ሲለቅ ምን እንደሚደረግም መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ቀድማቹ ጻፉ።

ድምፅ በብሎክቼይን እንስጥ?

ጉባኤውን አትተዉ። ፊት ለፊት ተያይቶ መነጋገርን የሚተካ ነገር አላየሁም፣ በተለይ ግጦሽ ይዘጋ አይዘጋ የሚባል ነገር ላይ። ሩቅ ያሉ አባላት ካሉ በስልክ ድምፅ መስጠቱ ይጠቅማል፣ ውጤቱን መዝግቦ ማስቀመጡም ጥሩ ነው፣ ግን ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ ይሁን። ብዙዎቹ ዳኦዎች በቶከን ብዛት ነው የሚመርጡት፣ ብዙ ያለው ብዙ ይወስናል፣ ለወል መሬት ይሄ አይሆንም። ኳድራቲክ የሚባል አለ፣ ድምፅ በተሰጠህ ነጥብ የሚገዛበት፣ 9 ነጥብ ያወጣ 3 ድምፅ፣ 16 ያወጣ 4 ድምፅ እያለ ትልቁን የሚያሳንስ፣ ከብዙ ሃሳቦች የቱ ይቅደም ለሚለው ያግዛል፣ አንዱ ሰው አስር አካውንት ከከፈተ ግን ይበላሻል፣ ስለዚ የአባላት ዝርዝሩ የጠራ መሆን አለበት።

ስማርት ኮንትራክት ላይ የምትጽፉትን ነገር ደግሞ አሳጥሩት። ኢቴሪየም ላይ የተሰራው ዘ ዳኦ የሚባለው ድርጅት በሰኔ 2016 ኮዱ ውስጥ በነበረ አንድ ቀዳዳ 3.6 ሚሊዮን ኢተር፣ የኢቴሪየም ገንዘብ ማለት ነው፣ ተዘረፈበት፣ የኢቴሪየም ሰዎች ያንን ለመመለስ ሲሉ ለሁለት ተከፈሉ። ለእናንተ ሲባል ኔትዎርኩን የሚከፍል አይኖርም።

ደኑንና አፈሩን መጠበቅ ላይስ ምን ያደርግልናል?

ማስረጃ ያልኩት ይሄን ነው። በአሁኑ ሰዓት የሳተላይት ምስል በነጻ ይገኛል፣ የአሜሪካው ላንድሳት ከ2008 ጀምሮ ነጻ ነው፣ ምስሉ ላይ ያለው አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር ነው፣ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ደግሞ 10 ሜትር ሆኖ በየ5 ቀኑ ይመላለሳል። ያንን፣ ጠባቂው ዞሮ ከሚያነሳው ፎቶና ከምንጩ የውሃ ልክ ጋር አድርጋቹ በየወቅቱ ሃሹን ብታስቀምጡ፣ ከአስር ዓመት በኋላ ይሄን ደን ያዳንነው እኛ ነን ስትሉ በኋላ የተፈበረከ ነው የሚላቹ አይኖርም። ሬጀን ኔትዎርክ የሚባለው ከ2021 ጀምሮ የራሱን ብሎክቼይን ያቆመው ለዚ አይነት የስነ ምህዳር ዳታና ክሬዲት፣ ማለትም ተፈጥሮን ለጠበቀ ስራ ተሰጥቶ የሚሸጥ ማስረጃ፣ ነው።

ግን ሳተላይት ከላይ ነው የሚያየው። አንድ አይነት ባህር ዛፍ ብቻ የተተከለበት ኮረብታም፣ ስንት አይነት አገር በቀል ዛፍ፣ ወፍና ንብ ያለበት ደንም ሁለቱም አረንጓዴ ነው። ክፍያው ከአረንጓዴው ጋር ብቻ ከታሰረ ሰው ቶሎ የሚያድገውን ይተክላል፣ አይፈረድበትም፣ የምትከፍሉት ለሱ ነዋ። ስለዚ የሚለካው ነገር ውስጥ በእግር ዞሮ የሚቆጠር ነገር ይኑር፣ ምን አይነት ችግኝ፣ ስንቱ ጸደቀ፣ ምንጩ በደረቁ ወር ደረቀ ወይ።

ቅጣትን በስማርት ኮንትራክት ማድረጉን ደግሞ አልወደውም፣ ለምን እንደሆነ ልንገራቹ። ኤሊኖር ኦስትሮም፣ በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ለረጅም ዘመን የቆዩ የወል መሬቶችን አጥንታ 8 መርሆዎች አውጥታለች። አንዱ ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ ይሁን የሚል ነው፣ መጀመሪያ ቀለል ያለ፣ እየደጋገመ ሲሄድ የሚከብድ። ካየቻቸው ውስጥ ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለችው ቶርበል መንደር በ1517 የተጻፈ ደንብ አላት፣ ማንም ሰው በብርዱ ወራት መቀለብ ከሚችለው ላም በላይ ወደ ጋራው ግጦሽ አይልክም የሚል፣ እንዴት ደስ የሚል ደንብ ነው፣ ላም መቁጠር ለማንም ይቀላል። የሰው ጉዳይ ግን ከላም ቁጥር በላይ ነው፣ ሐዘን ላይ የነበረ ሰው ከብቶቹ ጠባቂ አጥተው የተከለለ ቦታ ቢገቡ ጎረቤት ይረዳዋል፣ ኮድ አይረዳውም፣ ከዋሌቱ ቆርጦ ይወስዳል። ለጠባቂዎች ክፍያ በሰዓቱ እንዲደርስ አውቶማቲክ አድርጉ፣ ቅጣቱን ለሰው ተዉት።

የካርበን ክሬዲት ቶከን እንሽጥ የሚል ካምፓኒ መጣብን፣ እንፈርም?

ቸኩላቹ አትፈርሙ። የካርበን ክሬዲት ማለት አንድ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ እንዳይወጣ ተደርጓል ወይ ከአየር ተወስዷል ተብሎ የሚሸጥ ማስረጃ ነው። በ2021 መጨረሻ ቱካን የሚባል ፕሮቶኮልና ክሊማ ዳኦ ተያይዘው ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ክሬዲት ወደ ቶከን ቀየሩ፣ ከውስጡ ብዙው ገዢ አጥቶ የቆየ የድሮ ፕሮጀክት ክሬዲት ነበር፣ ዋጋው ጣራ ነክቶ ተመልሶ ወደቀ፣ በግንቦት 2022 ትልቁ የካርበን መዝጋቢ ቬራ ጥቅም ላይ ውሎ የተዘጋ ክሬዲት ወደ ቶከን እንዳይቀየር ከለከለ። ቶከን መሆኑ መጥፎ ክሬዲትን ጥሩ አላደረገውም።

የሚመጡትን ሰዎች የምጠይቃቸው ነገሮች እነዚ ናቸው፦ ውሉ ስንት ዓመት ነው፣ ልጆቻቹን ያስራል ወይ፣ ደኑ ቢቃጠል ኪሳራው የማነው፣ እንጨት መልቀምና ማር መቁረጥ ይከለከላል ወይ፣ ከሽያጩ እናንተ ጋ የሚደርሰው በመቶኛ ስንት ነው፣ ቶከኑ በኋላ በእጥፍ ቢሸጥ ከዛ ላይ ታገኛላቹ ወይ፣ ዳታው የማነው። መልሱ በቋንቋቹ ተጽፎ ጉባኤ ላይ ይነበብ። ዛሬ ካልፈረማቹ እድሉ ያልፋቹሃል የሚል ሰው ካለ ሸኙት።

ብሎክቼይን ራሱ መብራት እየበላ ተፈጥሮን አይጎዳም?

ቢትኮይን ብዙ ይበላል፣ እውነት ነው። ኢቴሪየም ግን በመስከረም 2022 አሰራሩን ቀይሮ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል፣ ሌሎቹም አብዛኞቹ አሁን በዛው መንገድ ነው የሚሰሩት። በዓመት አራት አምስት ሃሽ ለሚያስገባ ማህበር ይሄ ትልቅ ጥያቄ አይደለም።

ደኑ ራሱ የራሱ ባለቤት ቢሆንስ? እንዲህ የሚባል ነገር ሰምተናል

በ2016 በርሊን ላይ ቴራዜሮ በሚል ስም የተነሳ ሃሳብ ነው፣ ደን በስማርት ኮንትራክት እንጨቱን እየሸጠ ራሱን እየገዛ ራሱን ያስተዳድር የሚል፣ አርቲስቶች ናቸው ያመነጩት፣ ማሰቡ ደስ ይላል። በተግባር የሄደው ግን የኒውዚላንዱ ነው፣ ዋንጋኑይ ወንዝ በ2017 በወጣ ሕግ የሕግ ሰውነት አግኝቷል፣ በወንዙ ስም የሚናገሩ ሁለት ሰዎች አሉት፣ አንዱን መንግስት አንዱን የወንዙ ማኦሪዎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ማለት ነው፣ ይሰይማሉ። ለዚ ብሎክቼይን አላስፈለገም፣ ማኦሪዎቹ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተሟግተውበታል።

ስማርት ስልክ የሌላቸው፣ ማንበብ የማይችሉ አባላት አሉን

እንግዲያው ስርዓቱ ከነሱ ይጀምር። ውሳኔው ጉባኤ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ የገንዘቡ ሂሳብ በየወሩ በትልቁ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ሃሹም ከስሩ። ወጣቶቹ ብቻ የሚያውቁት መሳሪያ ካመጣቹ ስልጣኑ ሳይታወቅ ከአዛውንቶች ወደ ሁለት ሶስት ስልክ አዋቂዎች ይዞራል፣ ይሄንን አይቻለሁ፣ ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም፣ ግን ሆነ።

ከየት እንጀምር?

ከደንቡ። አባል ማነው፣ ድንበሩ የት ነው፣ ማን ምን ያህል ይጠቀማል፣ ሲጣሉ ማን ይዳኛል፣ እነዚ ወረቀት ላይ ከሌሉ ሌላውን ሁሉ አቆዩት። እነሱ ካሉ ለአንድ ዓመት የቃለ ጉባኤ ሃሽ ብቻ አስገቡ፣ ሌላ ምንም። ወጪው እዚ ግባ የሚባል አይደለም፣ የሚበላው የሰው ሰዓት ነው፣ ስልጠናው ስብሰባው ምናምን። ዓመቱ ሲያልቅ አባላቱ አንድ ጊዜም ከፍተው ያላዩት ከሆነ ተዉት፣ ከጠቀማቹ መልቲሲጉን በትንሽ ገንዘብ ሞክሩ።

የሰራልን ካምፓኒ ቢዘጋ ወይ ኔትዎርኩ ቢቆምስ?

ብዙ ኔትዎርኮች ተከፍተው ሰው አልባ ሆነዋል፣ ስለዚ ከመጀመሪያው ይሄን አስቡ። የሰሪው ካምፓኒ ዌብሳይት ሳይኖር መዝገቡን በሌላ መንገድ ማየት እንደምትችሉ እዛው ፊታቹ እንዲያሳያቹ ጠይቁት፣ ካልቻለ አይሆንም። ሰነዶቹ፣ ሃሾቹና የገቡበት ቀን በአንድ ፋይል ይውጡና በዓመት አንዴ ይታተሙ፣ በሰብሳቢውና በጸሐፊው ይፈረሙ፣ አንዱ ኮፒ ማህበሩ ጋ፣ ሁለተኛው ጠበቃቹ ወይ ውል የምታስመዘግቡበት ቢሮ፣ ሶስተኛው አንድ አባል ቤት እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ኔትዎርኩ ከቆመ ያንኑ ዝርዝር ሌላ ኔትዎርክ ላይ እንደገና ታስገቡታላቹ፣ አዲሱ ቀን ከድሮው የኋላ ቢሆንም የታተመው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማና ቀን መሃሉን ይሞላዋል።